ሟቹ ልክ ነበሩ

የሞተ ሰው ስም አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁትም ሚስታቸው ፊት ቆሜ፣ በገዛ ቤታቸው፣ የጥገና ዋጋ እየተቀበልኩ ነው። ሟቹ ምንም ጥፋት አልነበረባቸውም። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፤ መሳሳቴን ባወቅሁ ጊዜም ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። እሳቸው ግን «ስሙን ያጠፋኸው እኔ ፊት አይደለም፤ ሂድና ለባለቤቲቱ ንገር» አሉኝ። እንዴት እንደነገርኳቸው ወደ ኋላ እጽፋለሁ። ይህንን በአማርኛ ማስፈሬ እዚህ አሜሪካ እንደ እኔ በእጃቸው ሙያ የሚያድሩ፣ የሰው ቤት ገብተው የሰው ዕቃ የሚፈቱ ብዙ ወገኖች ስላሉን ነው። እኔ ያደረግሁትን ለማድረግ የተቃረበ አንድ ሰው ቢያነበው እወዳለሁ።

ዕቃው ፒንቦል ነው። እግር ያለው፣ ወደ ተጫዋቹ ዘንበል ያለ ረጅም ሣጥን ሲሆን፣ በመስታወት ሥር አንዲት የብረት ኳስ እየተላተመች ነጥብ ታስቆጥርበታለች። ከበላዩ የቆመው የጀርባ ሣጥን ደግሞ ነጥቡን ያሳያል። የዚህ ሥራ ዋና ከተማው ቺካጎ ነበር። ጎትሊብ፣ ባሊና ዊሊያምስ የሚባሉት ታላላቅ ስሞች ሁሉ የዚያ ከተማ ነበሩ። ኳሷን መልሰው የሚመቱት ፍሊፐር የተባሉት ክንዶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ሣጥኑን ከመወዝወዝ ሌላ ብዙም የሚያደርገው አልነበረውም። የኒውዮርክ ከተማ «ይህ ጨዋታ አይደለም፣ ቁማር ነው» ብሎ በ1942 ያገደውም፣ እገዳው እስከ 1976 የዘለቀውም በዚህ ክርክር ነው፤ የሚያሸንፈው ችሎታ ነው ወይስ ዕድል? ይህን ክርክር ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እኔ ያጠፍኳት አንዲት ትንሽ ስዊች በሟቹ ማሽን ውስጥ የቆመችው ተጫዋቹ ምንም ሳይሠራ በዕድል ብቻ እንዳይቀጣ ለመጠበቅ ነበር።

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ማሽኖች ውስጥ ኮምፒዩተር የለም። ሥራው ሁሉ የሚሠራው በሪሌይ (በማግኔት እየሳበ ስዊች በሚከፍትና በሚዘጋ ዕቃ)፣ በሞተር፣ በጥርሳም ጎማና በብዙ መቶ ስዊች ነው። ስዊች የምለው ጫፋቸው ላይ የብር ነጥብ ያለባቸው ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ነው። ሲነካኩ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሲለያዩ ይቆማል። ማሽኑ የሚያስታውሰውን አብዛኛውን ነገር የሚያስታውሰው ጎማዎቹ በቆሙበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ተጫዋች ሦስተኛ ኳሱን እየተጫወተ ሳለ ሶኬቱን ብትነቅሉትና በዓመቱ ብትመልሱት፣ ጎማዎቹ ያንኑ ቦታ ይዘው ይጠብቋችኋል። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አራት ሰው በሚጫወትበት ማሽን ውስጥ ሁለት ነገር መያዝ አለበት፤ ተራው የማን ነው፣ ስንተኛው ኳስ ላይ ነን። የዕቁብ ጸሐፊ የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ማን ደረሰው፣ ስንተኛው ዙር ነው። ኳሷ ታች ያለው ጉድጓድ ውስጥ ስትወድቅ አንዲት ስዊች ትዘጋለች፤ ሪሌይ ይስባል፤ ሞተሩ መዞር ይጀምራል። በሞተሩ ዘንግ ላይ የተሰኩ ጠርዛቸው እየተቆረጠ ጥርስ የወጣላቸው ዲስኮች ሌሎች ስዊቾችን በየተራ እየገፉ አጭር አጭር ምት ይልካሉ። ከምቶቹ አንዱ ተጫዋች ለሚቀይረው ክፍል ይደርሳል። እዚያ ኮይሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅልል፣ አንድ ክንድ ይስባል። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለችው ጥፍር በጥርሳሙ ጎማ ላይ አንድ ጥርስ ትዘላለች። ኮይሉ ሲለቅ ሞላው ክንዱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ሲመለስም ጎማውን አንድ እርምጃ ይዞት ይሄዳል። ከጎማው ጋር የታሠሩት የብረት ጣቶች በባክላይት ሰሌዳው ላይ ከተደረደሩት ነጥቦች ከአንዱ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። የሦስተኛው ተጫዋች መብራት በራ፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ነጥብ ሁሉ የእሱ ሆነ ማለት ነው። የመጨረሻው ተጫዋች ሲጨርስ ደግሞ የኳስ ቆጣሪው ጎማ በተራው አንድ እርምጃ ይሄድና ተራው ወደ አንደኛው ይመለሳል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከአዲስ አበባ ጋራዥ ነው። ልጅነቴ ያለፈው መኪና ሥር ነው። አሮጌ መኪና አልነሣ ሲል መጀመሪያ የምንከፍተው ፑንቲናውን፣ ማለትም እየተነካካ የሚለያየውን የሞተሩን ስዊች፣ ነበር፤ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ፣ ክፍተቱን ማስተካከል፣ ከዚያ ማስነሣት። ብዙ ጊዜ ይነሣል። በዚህ ሙያ እኮራ ነበር፤ አሁንም አላፍርበትም። ሜሪላንድ መጥቼ የመሸጫና የመጫወቻ ማሽን የሚጠግን ቤት ስቀጠርም የፒንቦሉ ሆድ ሲከፈት ያየሁት ያንኑ ፑንቲና ነው፤ ብቻ በመቶዎች ተባዝቶ። «ይኼማ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ። ንድፍ ማንበብ አያስፈልገኝም ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዐይኔና ፒንሳዬ ይበቁኛል ብዬ አመንኩ። ባሕር ማዶ የሰው ፊት እያየ የሚኖር ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር ሲያገኝ እንዴት እንደሚጣበቅበት የደረሰበት ያውቀዋል። ምክንያቴ ይኼ ነው፤ ምክንያት ግን ጥፋትን አያነሣም።

የጠሩኝ ባለቤታቸው በቅርቡ ያረፉባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ማሽኑ ምድር ቤት ነበር፤ ያ ክፍል ማሞቂያ አልነበረውም። ባለቤታቸው ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች ገበያውን ሲይዙና ቡና ቤቶች አሮጌዎቹን ሲያወጡ ከአንድ መጠጥ ቤት በርካሽ ገዝተው፣ ራሳቸው እየጠገኑ ዕድሜ ልካቸውን አቆይተውታል። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ለበዓል ሊመጡ ነው፤ ሴትየዋ እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ችግሩን ሲነግሩኝ በጣም ግልጽ አድርገው ነበር። «አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ሁለተኛው ተጫዋች ሲጨርስ ወደ ሦስተኛው አያልፍም። መሐል ላይ ይቀራል» አሉኝ። ቀጥለውም ሌላ ነገር አሉ፤ «ደግሞ ነጥብ ሳታስቆጥር ኳሷ ከወደቀችብህ ለራስህ ትመልስልሃለች፤ ባለቤቴ ይኼ ብልሽት አይደለም ይል ነበር።»

ይህችን ሁለተኛዋን ቃል ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልሰማሁም። ልቤ ውስጥ የነበረው «የቤት እመቤት ስለ ሪሌይ ምን ታውቃለች» የሚል ንቀት ነው። ሳይጻፍ ቢቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

መስታወቱን አወጣሁ። አራት ተጫዋች አስገባሁ። ኳሷን በእጄ ይዤ፣ አንድም ነገር ሳላስነካ፣ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ጨመርኳት። ማሽኑ አጉረመረመና ኳሷን መለሰልኝ፤ መብራቱ አሁንም አንደኛው ተጫዋች ላይ ነው። ደገምኩት። አሁንም አንደኛው። «አገኘሁት፤ ተራ አያልፍም ያሉት ይኼው» አልኩ። ልብ በሉ፤ ሴትየዋ የነገሩኝ አልፎ አልፎ ስለሚመጣ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስለሚገጥም ብልሽት ነው። እኔ ያየሁት ሁልጊዜ የሚሆን፣ ከአንደኛው ላይ የማይነቃነቅ ነገር ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ይህን ብቻ ባስተውል ኖሮ ዛሬ የምናዘዘው ባልኖረ።

ወደ ተጫዋች መቀየሪያው የሚሄደውን መሥመር በቴስተር ተከትዬ ክፍት የሆነች ስዊች አገኘሁ። የምትገኘው ቦል ኢንዴክስ በሚባለው ሪሌይ ላይ ነው። ይህ ሪሌይ ኳሷ የመጀመሪያውን ነጥብ ስታስቆጥር ይስብና ኳሷ እስክትወድቅ ድረስ ተይዞ ይቆያል። ከሳበ ስዊቿ ትዘጋለች፤ ኳሷ ስትወድቅ ተራው ያልፋል። ካልሳበ፣ ማለትም ተጫዋቹ አንድም ነጥብ ሳያገኝ ኳሷ ካመለጠችው፣ መንገዱ ክፍት ይሆንና ማሽኑ ኳሷን ለዚያው ሰው ይመልስለታል። ሳይጫወት እንዳይቀጣ ነው። እኔ ኳሷን ነጥብ ሳላስነካ ስለጨመርኳት ማሽኑ ሊያደርግ የሚገባውን ያንኑ አደረገ። ጤነኛ ነበር። እኔ ግን ክፍት ስዊች አየሁ፤ ክፍት ስዊች ደግሞ ለእኔ ብልሽት ነው። በፒንሳ ምላሶቹን አጥፌ ሁልጊዜ እንዲነካኩ አደረግኋቸው። እጄ ከገባ አይቀር ብዬም በዙሪያው ያሉትን ስዊቾች ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኋቸው። የብር ነጥብ ትንሽ ቢጠቁርም ያስተላልፋል፤ ንጹሕ ካርድ በመሐሉ አስገብቶ ሳብ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል። ሲፋቅ ብሩ ያልቃል፤ ያለቀ ብር ደግሞ አይመለስም። እኔ ያን ዕለት የፈተግኋቸው ለዓመታት በሰላም የሠሩ ነጥቦች ናቸው።

ከዚያ ኳሷን ጨመርኩ፤ ተራው አለፈ። ጨመርኩ፤ አለፈ። አራቱንም ዞረ፤ የኳስ ቆጣሪውም አንድ አለ። በጣም ደስ አለኝ።

ሴትየዋ «ምን ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፤ «ማነው ይህችን ስዊች የነካት?» «ባለቤቴ ብቻ ነው የሚነካው» አሉ። «ያለቦታዋ ከፍተዋታል፤ አበላሽተዋታል። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው» አልኳቸው። ማንም እንዳጠመማት የሚያሳይ አንድም ምልክት አልነበረም። የፒንሳ ጥርስ የታየባት ከእኔ በኋላ ነው። እንዲያው ሊቅ ለመምሰል፣ ዋጋዬንም ለማጽደቅ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። እሳቸው ፊታቸው ልውጥ አለ። «በጣም ጠንቃቃ ሰው ነበር» ብቻ አሉኝ። ገንዘቤን ተቀበልኩ። ስወጣ ሣጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ትልቁን የኤሌክትሪክ ንድፍ «ለሚቀጥለው ጊዜ ላጥናው» ብዬ አስፈቅጄ ወሰድኩት። ሱቅ አድርሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አልከፈትኩትም።

እስካሁን የጻፍኩት ስሕተት ነው ሊባል ይችላል። የሚቀጥለው ግን ኃጢአት ነው።

ቅዝቃዜው ሲበረታ ደግመው ጠሩኝ። ልጃቸው ከነቤተሰቡ መጥቶ ነበር። ተራው አሁንም ከሁለተኛው ላይ ይቆማል፤ አሁን ደግሞ ሕፃናቱ ኳሷን እንደለቀቋት ነጥብ ሳያገኙ ስታመልጣቸው ተራቸውን እያጡ ያለቅሳሉ፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቆሜ ስጫወት ብልሽቱ ዐይኔ ሥር ደረሰ። የሁለተኛው መብራት ጠፋ፤ የሦስተኛው አልበራም። የጀርባውን ሣጥን በመዳፌ መታ ሳደርገው የሦስተኛው በራ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጉዳዩ ያ እኔ ያጠፍኩት ስዊች አይደለም፤ ጎማው እርምጃውን ሳይጨርስ ጣቶቹ በሁለት ነጥብ መሐል እየቆሙ ነው። ሴትየዋ «መሐል ላይ ይቀራል» ያሉኝ ቃል በቃል ይህንኑ ነው። ሆዴ አወቀ። የመጀመሪያው ሥራዬ ስሕተት እንደነበረም አወቀ።

ልጃቸው አጠገቤ ቆሞ «ታዲያ አባቴ ነው ያበላሸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ዓይኑን አላየሁትም። ጨምሬም ብዙ ስዊች ስለተነካካ መጠገኑ እንደማያዋጣ ነገርኩት። ያጠፍኩትን ልመልስ ብል የመጀመሪያውን ውሸት ማመን ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ ማሽኑን በርካሽ እንደሸጡት ሰማሁ። ሲነግሩኝ ምንም አላልኩም።

ዓመታት አለፉ። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አረጋዊ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቴሌ ውስጥ የአውቶማቲክ ስልክ ማዞሪያ ቴክኒሻን ነበሩ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለ እነዚህ ማሽኖች ነገርኳቸው፤ ዐይናቸው በራ። ሱቁ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ የእርምጃ ክፍልና ያ መሳቢያ ውስጥ የከረመው ንድፍ ትዝ አለኝና ሁለቱንም ይዤላቸው ሄድኩ። ደስ እንዲላቸው ብቻ ነበር።

ክፍሉን እጃቸው ላይ ሳደርገው ሳቁ። «ይኼማ የእኛው ነው!» አሉ። በኮይል እየተሳበ፣ በጥርስ እየተራመደ፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሻገር ስዊች አልሞን ስትሮውጀር የሚባል የካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ በ1891 ለስልክ ፓተንት ያወጣበት ሐሳብ እንደሆነ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማዞሪያ በሚቀጥለው ዓመት ኢንዲያና ውስጥ ላ ፖርት በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ፤ ዕቃውን የሚያመርተው ኩባንያ ግን ቺካጎ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የፒንቦሎቹ አገር በሆነችው በዚያችው ቺካጎ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ አንድ የዘመድ ታሪክ የሚተርኩ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ የኮይሉን ክንድ በአውራ ጣታቸው እስከ መጨረሻው ገፉና ለቀቁት። ክንዱ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ ተመለሰ። ከመድረሱ በፊት ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ደረሰ። «አየኸው?» አሉኝ። «መመለስ ያለበት ጣ ብሎ ነው። ይኼ ታሟል።» ዘንጉን ገልጠው አሳዩኝ፤ ፋብሪካ ላይ የተቀባው ግራሶ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ተቀርፎ ወጣ። «ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይይዛል። ሞላው ጎማውን ሳያደርስ ይቀራል። ማዞሪያ ላይ እንዲህ ሲሆን ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይደርሰዋል። ኤሌክትሪኩን ከመንካትህ በፊት በእጅህ ገፍተህ ልቀቀው፤ ይነግርሃል» አሉኝ። ከዚያም ግራሶው በአልኮል እንደሚጸዳ፣ ጣቶቹ የሚሄዱበት ሰሌዳ ላይ ዘይት እንደማይፈስስ፣ ሞላው እንደማይጠነክር አስረዱኝ። ሞላ ማጥበቅ ብልሽቱን መደበቅ ነው አሉ፤ ጥርሱንም ይበላል።

የዚያች ሴትዮ ምድር ቤት ትዝ አለኝ። ማሞቂያ የለውም። ብልሽቱ የበረታው በብርድ ነው። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋሼ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ከጠረጴዛው ይተልቃል፤ ጫፉ ወደ ወለሉ ወረደ። መነጽራቸውን ለውጠው በጣታቸው ከአንዱ መሥመር ወደ አንዱ እየሄዱ ያነቡ ጀመር፤ ሰው መጽሐፍ የሚያነበውን ያህል ጸጥ ብለው። ቆይተው «ይኼ በእርሳስ የጻፈው ማነው?» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቦል ኢንዴክስ በተጻፈበት ቦታ በጥንቃቄ ክብ ተከብቦበታል፤ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ብልሽት አይደለም፤ ነጥብ ከሌለ ተራ አያልፍም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ወደ ቀኝ ሄድ ሲል ደግሞ የተጫዋች መቀየሪያው ኮይል ላይ ሌላ ክብ ተሠርቶ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ «ብርድ?»

ጋሼ «ሰውየው ያውቅ ነበር፤ ደርሶበት ነበር» አሉ።

ሟቹ ሁለቱንም ነገር ጽፈውልኝ ነበር። የማልነካውንም የምነካውንም። ወረቀቱን ከቤታቸው ያወጣሁት እኔ፣ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት እኔ፣ አበላሽተዋል ያልኳቸውም እኔ። ጽሑፉ ጥድፊያ አልነበረበትም፤ ሚስታቸው ያሉት ጠንቃቃ ሰው እርሳሱን ሳይጫን የጻፈው ነው። ያን ዕለት ለጋሼ የደረሰውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። ንድፉን በነበረበት እጥፋት እያጠፉ «ሰዎቹ በሕይወት አሉ?» ብቻ አሉኝ። ለመደወል ግን ገና አልደፈርኩም ነበር፤ ለንስሐ አባቴ መንገር ቀለለኝ። እሳቸው የሰጡኝን መልስ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ፤ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ማሽን የሚከፍት ሌላ ሰው ቢኖር ከንስሐዬ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ዛሬ «ተራ አያልፍም» የሚል ሰው ሲጠራኝ መጀመሪያ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ መቼ፣ ከስንተኛው ወደ ስንተኛው፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ፣ በብርድ ነው በሙቀት። ከዚያ ንድፉን እዘረጋለሁ። ስሞክር ኳሷን ከመጣሌ በፊት አንድ ነጥብ በጣቴ አስቆጥራለሁ፤ አለበለዚያ ማሽኑን ሊሠራው የማይገባውን ነገር እየጠየቅሁት ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ብልሽት ወደ መሥመሩና ወደ ስዊቹ ይመራል፤ እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ግን ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀስ ብረት ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ክንዱን በእጄ ገፍቼ እለቃለሁ። ጣቶቹ ነጥቡ መሐል ላይ ማረፋቸውን እመለከታለሁ። ተጫዋች መቀየሪያው ደህና ሆኖ ኳስ ቆጣሪው ብቻ የማይራመድ ከሆነ፣ ስንት ሰው እንደገባ የሚይዘውን ክፍል አያለሁ፤ ማሽኑ የመጨረሻው ተጫዋች መጨረሱን የሚያውቀው ሁለቱን በማስተያየት ነውና። ፒንሳ የማወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስዊች ካጠፍኩ ደግሞ የትኛዋን እንደሆነች፣ ለምን እንደነካኋት ካርድ ላይ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ እተዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እኔን ማረም እንዲችል። ይህን የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ ከእኚያ ሰው እርሳስ ነው።

ደወልኩ። ሴትየዋ በሕይወት ነበሩ፤ ድምፄን አላስታወሱትም። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ሳላቆራርጥ ሁሉንም ተናገርኩ። ስዊቿ ጤነኛ እንደነበረች፣ ያጣመምኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ባለቤታቸው ምንም እንዳላበላሹ፣ በሁለተኛው ጊዜ ይህን እያወቅሁ እንደዋሸሁ። ቴክኒኩን ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝ። «ነጥብ ካላስቆጠርክ ትመልስልሃለች ብዬህ ነበር» አሉኝ። «አዎ፣ ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማሁዎትም» አልኳቸው። «ታዲያ ልክ ነበር ማለት ነው?» «ልክ ነበሩ። ብርዱንም ደርሰውበት ነበር።» ጽሑፉን በስልክ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ይቅርታ አደረግሁልህ አላሉም፤ እኔም አልለመንኩም። «ለልጄ ራስህ ንገረው» አሉና ቁጥሩን ሰጡኝ።

ልጃቸው ተቆጣ። የመቆጣት መብት ነበረው። ማሽኑን የሸጠው እሱ ነው፤ የገዛው ሰው ለመለዋወጫ ፈታትቶ በየቦታው ስለሸጠው መልሼ ልግዛው ብልም የሚገኝ አልነበረም። ይህን ከነገረኝ በኋላ ግን ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ። ልጆቹ «አያታችን ማሽኑን አበላሸው» እያሉ እንዳደጉ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲሰበር «እንደ አያቴ ጠገንከው» እየተባባሉ እንደሚሳሳቁ፣ ይህንንም ያስተማራቸው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። የእኔ «አዎ» እዚያ ድረስ ሄዳለች። እኔ የረሳኋትን ቃል ሕፃናት ሲጫወቱባት ኖረዋል።

«ለእኔ የነገርከኝን በወረቀት ጻፍልኝ። ላነብላቸው እፈልጋለሁ» አለኝ።

ጻፍኩ። ደብዳቤው ላይ ያጠፍኳትን ስዊች ስም፣ የደረቀውን ግራሶ፣ ማሽኑ ኳሷን ለምን ይመልስ እንደነበር፣ አያታቸው በእርሳስ የጻፉት የትኛው ቦታ ላይ እንደሚገኝ ሕፃን ሊከተለው በሚችል ቃል አስቀመጥኩ። ለሁለቱም ጊዜ የተቀበልኩትን የጥገና ገንዘብ ቼክ ቆርጬ፣ ንድፉን በነበረበት እጥፋት አጥፌ፣ ሦስቱንም በአንድ ፖስታ አድርጌ በአደራ ላክሁ።